አክተሩን ይዞ የወጣው ሰው

ከድሩ የገዛ ታሪኩን ከማያውቀው ሰው አፍ የሰማው ቅዳሜ ማለዳ፣ ከአዋሽ ሰባት ወደ ሰመራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ መኪናው እስኪሞላ ሲጠብቅ ነው። ከፊቱ ያለው ወንበር ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሁለት ፌስታል ብርቱካን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጎኑ ላለው መንገደኛ ይተርካል። «ሎጊያ ሠርግ ቤት ነው የሰማሁት። አዋሽ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አለ አሉ። ያኔ በመስቀል ሰሞን መሬቱ የተንቀጠቀጠ ሌሊት ምን ይዞ ከቤት ቢወጣ ጥሩ ነው? ሚስቱን ትቶ የፈረንጅ ፎቶ!» መንገደኛው በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ሳቁን ሲያይ ጨመረበት። «እሱንም በባዶው መሰለህ? በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ!» ከድሩ ብርድ ልብስ የሚለውን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ብርድ ልብስ! በመስከረም፣ አዋሽ ውስጥ፣ ሰው አንሶላውን እንኳ በእግሩ እየገፋ በሚያድርበት አገር! ብድግ ሊል ሲል አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ስዩም ክንዱን ያዘው። «ተው አቦ፣ ቁጭ በል። ‹ሽማግሌው እኔ ነኝ፣ ብርድ ልብስ ግን አልነበረም› ልትል ነው?» ከድሩ ተቀመጠ። ስዩም ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «ብርድ ልብሷን እኔ አልጨመርኳትም፤ በእመቤቴ!» አለው።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ፣ ከብርድ ልብሱ በስተቀር ወሬው ውሸት አልነበረበትም። የከድሩ ቤት ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። በረንዳዋ ላይ የጠፍር አልጋ አለ፤ ሚስቱ ኡምሰልማ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ነው የምታድረው። እሱ ከውስጥ፣ ከቬንትሌተሩ ሥር ይተኛል። አዋሽ ውስጥ ባልና ሚስት እንዲህ ተለያይተው ማደራቸው የሙቀት ነገር ነው እንጂ የፀብ ምልክት አይደለም። ያን ዕለት ግን አቧራ የያዘ ነፋስ ስለተነሣ ኡምሰልማ ባሏ ካንቀላፋ በኋላ ገብታ ጥግ ካለው ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ ኖሯል። ይህንን እሱ አላወቀም። መሬቱ አጓርቶ ሲቀሰቅሰው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአክተሩ ፎቶ እንደ ጉትቻ ሲወዛወዝ አየ፤ አውርዶ አቀፈውና ወጣ። የበረንዳው አልጋ ባዶ ነው። ቀድማኝ ወጥታለች ብሎ ወደ መንገድ ሮጠ። ጎረቤቱ ሁሉ በስልክ መብራት ሲተያይ ከድሩ መሐል መንገድ ላይ ፎቶውን በደረቱ ይዞ «ኡምሰልማ! ኡምሰልማ!» ይላል። እሷ የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች፣ ሻሿ ላይ የግድግዳ ኖራ ተነስንሶባት፣ ብቻዋን ከኋላው ከበሩ ብቅ አለች። መጀመሪያ እሱን አየችው። ቀጥላ ያቀፈውን አየች። ምንም አላለችም።

ያ ምንም አለማለቷ ነው እንግዲህ አራት ወር የሞላው። በማግስቱ ሰመራ ለምትኖረው ልጃቸው ለፋሪሃ ደወለች፤ በሦስተኛው ቀን የፋሪሃ ባል መሀመድአሚን መኪና ይዞ መጥቶ ወሰዳት። «ለጉልበቴ ሐኪም ቤት ይቀርበኛል» ብላ ለጎረቤት ተናገረች፤ ለባሏ ግን ይህችኑም አልነገረችው። ከድሩ በየቀኑ ይደውላል። ኡምሰልማ ስልኩን እያነሳች፣ ድምፁን እንደሰማች፣ ለፋሪሃ ወይም ለልጅ ልጃቸው ለኢናስ ታቀብላለች። ያን ሌሊት በረንዳ ላይ ያለች መስሎት እንደነበር ለማስረዳት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላስጨረሰችውም። ሰው አማላጅ ልኮም ነበር፤ «ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ እኔ ግድግዳ ይወድቅብኛል» ብላ መለሰችለት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ሰማ። ፋሪሃ ለእናቷ የጀርባውን ክፍል ቀለም እያስቀባችላት ነው። ከድሩ ዓለምን ያውቃታል፤ ሴት ልጅ ለእናቷ ክፍል ካስቀባች ነገሩ እንግድነት መሆኑ አበቃ ማለት ነው። ዛሬ ኡምሰልማን ይዞ ካልተመለሰ ሌላ ቀን አይኖርም። ስዩምን ሽማግሌ አድርጎ፣ የአክተሩን ፎቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በማለዳ የተነሣው ለዚህ ነው። ፎቶውን ይዘህ ሂድ ያለው ስዩም ነው። «እሷ ፊት ስበረውና ይውጣልህ» ብሎታል። ከድሩ ጋዜጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ ለመስበር የተዘጋጀ ሰው ግን አይመስልም።

መቼም ሰው ይጠይቃል፤ ይህ ፈረንጅ ማነው? የዛሬ ልጆች የሚያውቁት ዓይነት አክተር አይደለም። መትረየስ አይተኩስም፣ መኪና አያጋጭም። ያለው አንድ ቀጭን ሰይፍ፣ ደረቱ ድረስ የተከፈተ ነጭ ሸሚዝና በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ሪዝ ነው። ሰባት ሰው በሰይፍ ከቦት ይስቃል። ሳቁ ደግሞ የንቀት አይደለም፤ ሠርግ ቤት ገብቶ ወዳጆቹን እንዳገኘ ሰው ነው የሚስቀው። የጠላቱ ሰይፍ ከእጁ ቢወድቅ በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ ይመልስለታል እንጂ ባዶ እጁን የቆመ ሰው አይወጋም። ደረጃ በእግሩ ወርዶ አያውቅም፤ ወይ በመጋረጃ ይንሸራተታል፣ ወይ ገመድ ይዞ ይወረወራል። ከወረደ በኋላም ሸሚዙ አይቆሽሽም! ከድሩ ይህን ሁሉ ሲያወራ ሰባ ዓመት ሊሞላው አንድ የቀረው ሰው መሆኑን ይረሳል። ሪዙን በሃያ ሁለት ዓመቱ እንደ አክተሩ አድርጎ ቆረጣት፤ ዛሬ እንደ ጥጥ ነጥታ እንኳ ሐሙስ ሐሙስ በትንሽ መቀስ ያስተካክላታል። አክተሩ ስም አልነበረውም። የፊልሙ መጀመሪያ ተበጥሶ ስለነበር ስሙን ያነበበ የለም፤ አዋሽ ሙሉ «አክተሩ» ብሎ ጠራው፣ አክተሩ ሆኖ ቀረ። ኡምሰልማ እንኳ ሶላት ስትሰግድ ፎቶውን በሻሽ ትሸፍነውና ስትጨርስ «በል እንግዲህ አክተሩ፣ ተንፍስ» ብላ ትገልጠው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ፣ በምሥራቁ ጦርነት ዓመት ነው። ያኔ ፊልም ከድሬዳዋ በባቡር ይመጣል፤ ቅዳሜ ማታ በባቡር ሠራተኞች ክበብ ግቢ በኖራ በተለሰነ ግድግዳ ላይ ይታያል፤ ሰኞ ይመለሳል። የአክተሩ ፊልም በመጣ በማግስቱ የባቡሩ መስመር ተቆረጠና ፊልሙም እንደ መንገደኛ አዋሽ ላይ ቀረ። ስምንት ወር። ማሽኑን የሚያዞረው ስዩም ነበር። ከግድግዳው አጠገብ በርሜል ላይ ቆሞ ለሕዝቡ የሚያስተረጉመው ደግሞ ከድሩ፤ ቲኬት ቢሮ ስለሚሠራ ፈረንሳይኛ ይችላል ተብሎ ነው። የሚችለው ፈረንሳይኛ «ሻንጣ»፣ «ሦስተኛ ማዕረግ» እና «ባቡሩ ዘግይቷል» ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ እንደመሰለው አስተረጎመ፤ ሰዉ አጨበጨበ። በሁለተኛው ቅዳሜ ያንኑ ቢደግም ሰው እንደማይመጣ ገባውና ቃሉን ለወጠው። በሦስተኛው አክተሩ ርስቱን የተቀማ የወሎ ባላባት ልጅ ሆነ፣ በሰባተኛው ግመሎቹን የተዘረፈ ነጋዴ፣ በአሥረኛው ከጅቡቲ የመጣ ሐኪም። ሥዕሉ ያው፣ ታሪኩ ሌላ። ሰዉም ነቅቷል፤ ግን ማን ይቀራል? «ዛሬ ደግሞ ምን ይል ይሆን» እያለ ሳንቲሙን ከፍሎ ይገባል።

ከሴቶቹ አግዳሚ በሦስተኛው ላይ ከአጎቷ ሚስት ጋር የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ ኡምሰልማ። አጎቷ ባለሱቅ ነው፣ ቆጣ ያለ ሰው፤ እሷን መንገድ ላይ ማናገር የማይታሰብ ነው። ከድሩ ምን ያድርግ? ያለው በርሜሉ ብቻ ነው። አክተሩ በገመድ ወጥቶ ሰገነቱ ላይ የቆመችውን ሴት የሚያናግርበት ቦታ አለ፤ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ። አንድ ቅዳሜ እዚያ ሲደርስ ከድሩ ሦስተኛውን አግዳሚ እያየ እንዲህ ብሎ አስተረጎመ፦ «የምሰጥሽ ግንብ የለኝም። ያለኝ ምላሴ ነው። ግን በአላህ እምልልሻለሁ፣ እኔና አንቺ በአንድ ቤት ዝም ተባብለን አናድርም።» ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ ፈረንጅ በአላህ ሲምል የሰማ የለምና። ኡምሰልማ አልሳቀችም። አንገቷን ደፋች። በዓመቱ ኒካህ አሰሩ። መስመሩ ሲከፈት ፊልሙ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ፤ ከሣጥኑ ውስጥ የነበረችውን የአክተሩን ትልቅ ፎቶ ግን ከድሩ አስቀርቶ ፍሬም አስገባላት። ኡምሰልማ ያንን ቃል አክተሩ የተናገረው አድርጋ ነው ዕድሜዋን ሙሉ የያዘችው፤ ቢያንስ ከድሩ የሚያውቀው እንደዚያ ነው።

ጉድ የፈላው ሐሙስ ዕለት ነው። ኢናስ ከሰመራ ደወለች፤ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ትማራለች። «አባባ፣ ፊልምህን አገኘሁት! ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ሙሉው። ቅዳሜ ና፣ በትልቁ ቲቪ እናየዋለን፣ አያቴም አለች። ያኔ ያያችሁት ወደ ፈረንሳይኛ የተመለሰው ነው፤ ዋናው በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ቃል በቃል አስተረጉምላችኋለሁ።» ከድሩ መጀመሪያ ከደስታው የተነሣ ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዞረ። «የአክተሩን ስም ልንገርህ?» ስትለው «እንዳትነግሪኝ! ለእኔ አክተሩ ነው» አላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው «ቃል በቃል» የሚለው የገባው። ቃል በቃል! ያ የሰገነቱ ቃል ፊልሙ ውስጥ የለም። ኡምሰልማ ያን ሌሊት ባሏ ትቷት መውጣቱ ሳያንስ፣ ከጅምሩም በውሸት የተዳረች መሆኗን በልጅ ልጇ አፍ ልትሰማ ነው። ስዩምን ሲያማክረው ስዩም ጉንጩን አሻሸ። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለው። «በል እንግዲህ፣ ቅዳሜ ይለይልሃል።»

ሚኒባሱ አዋሽ አርባን አልፎ ገዋኔ ላይ ለቁርስ ቆመ። ስዩም ፍርፍር በላ፤ ከድሩ በሃያ ብር ሻይ ገዝቶ አቀዘቀዘው። መንገዱ በከባድ መኪና ተጨናንቋል፤ ግራና ቀኙ ወያኔ የሚሉት እሾሃም ዛፍ አገሩን ሸፍኖት ፍየል እንኳ የምትገባበት አጥታ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ትሄዳለች። ባለብርቱካኑ ሰውዬ ሚሌ ሊወርድ ሲል ዞር ብሎ ለሁለቱ ሽማግሌዎች ሁለት ሁለት ብርቱካን ሰጣቸው። መቼም ደግ ሰው ነው። «አባቴ፣ የአዋሽ ሰው ነዎት አይደል?» አለው ከድሩን። «ያንን ባለፎቶውን ሽማግሌ ያውቁታል?» ከድሩ ብርቱካኑን በእጁ አገላበጠ። «በዓይን አውቀዋለሁ» አለ። ስዩም ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ሰመራ የደረሱት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ጥር ሰመራ ሰው የምትሆንበት ወር ነው፤ ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ሰፊው አስፋልት ላይ ሰው በእግሩ ይሄዳል። የፋሪሃ ቤት በር ላይ ከድሩን መጀመሪያ የተቀበለው ሽታ ነው፤ የቀለም ሽታ። በኮሪደሩ ሲያልፍ የጀርባው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሁለቱ ግድግዳ ተቀብቷል፣ ውኃ ሰማያዊ፤ ሁለቱ ይቀራል። መሬቱ ላይ ጋዜጣ፣ ጋዜጣው ላይ ገና ያልተከፈተ ባልዲ ቀለም። ከድሩ ባልዲውን በዓይኑ ለካው፤ ለቀሩት ለሁለቱ ግድግዳዎች ይበቃል። ሳሎን ገብተው ግድግዳ ሥር የተነጠፈው የመጅሊስ ፍራሽ ላይ ተደገፉ። ኡምሰልማ ከማዶ፣ ጉልበቷን በትራስ አስደግፋ ተቀምጣለች፤ ወፈር ብላለች፣ ፊቷ ተመችቶት አምሯል፤ ይህም አስከፋው። ስዩምን «እንዴት ከረምክ፣ ልጆችህ ደኅና ናቸው?» ብላ በስሙ እየጠራች ጠየቀችው። ለከድሩ ሰላምታ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

ምሳ ቀረበ፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ። መሀመድአሚን ሽርጡን አሸርጦ፣ አማቱን በአክብሮት እያጎረሰ፣ ነገሩን ለማለዘብ ስለ ኑሮ አወራ። የቤት ኪራይ ስንት እንደገባ፣ አንድ ቦቴ ውኃ ስንት እንደሆነ፣ ፍየል በጭፍራ ገበያና በሰመራ ያለው የዋጋ ልዩነት። ስዩም ስለ ፍየል ምንም የማያውቅ ሰው ሲሆን ስለ ፍየል ብዙ ተናገረ። ኡምሰልማ መሐል ላይ «ኢናስ፣ አያትሽ ሥጋ ይጨመርለት እንደሆነ ጠይቂው» አለች፤ ከድሩ ክንዷ ቢዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ላይ ነው ያለው። ኢናስ ጠየቀች። «በቃኝ በያት» አለ ከድሩ። «በቃኝ ይላል» አለች ኢናስ። ፋሪሃ ዕቃ ለማንሳት ብላ ተነሣች፤ ዕቃው ግን ገና ምግብ ነበረበት። ስዩም ሽማግሌነቱ ትዝ ብሎት ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ኡምሰልማ፣ ባልና ሚስት…» ብሎ ሲጀምር እሷ በፈገግታ «ስዩም፣ ብላ እንጂ፣ ምግቡ ይቀዘቅዝብሃል» አለችው። የስዩም ሽማግሌነት በዚህ አለቀ።

ከዐሥር ሶላት በኋላ ኢናስ መጋረጃውን ዘጋችና ፊልሙን ከፈተች። ያ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ትልቁ ቲቪ ላይ ብልጭ ሲል ከድሩ ሁሉንም ረሳ። ያውና! ያው ፈገግታ፣ ያው ሸሚዝ፣ ያው ሪዝ! ሃምሳ ዓመት ሊሆነው አንድ ቀን እንኳ አላረጀም። «አየኸው? አየኸው ስዩም? አሁን መጋረጃውን ይይዛል!» አለ። አክተሩ መጋረጃውን ያዘ። ስዩም በሁለት ጣቱ አፏጨ። መሀመድአሚን እንኳ ስልኩን አስቀመጠ። ኢናስ ደግሞ እንደ ቃሏ ታስተረጉማለች። «‹ቀረጥ ጨምረሃል፣ ገበሬው ተቸግሯል› ይለዋል… አሁን ደግሞ ‹መርከቡ ነገ ይነሣል› ይላል።» ከድሩ ይህን ሲሰማ ተገረመ፤ መርከብ መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር፤ እሱ ወንዝ የሚሻገሩበት ታንኳ ነው ብሎ ስምንት ወር አስተርጉሟል። ኡምሰልማን በዓይኑ ጫፍ ሰረቅ አድርጎ አያት። እጆቿን አጣጥፋ ቲቪውን ታያለች። ሰገነቱ ቀረበ። አክተሩ ግንቡ ሥር ደረሰ፤ ገመዱን ወረወረ። ገመዱን ይዞ ወጣ፤ ሴትየዋ በሻማ ብርሃን መጣች። «አሁን» አለች ኢናስ በጉጉት ወደ ፊት ተስባ፣ «‹ፈረሶቹን የት ነው ያሰሩት?› ነው የሚላት…»

«ኢናስ፣ ድምፁን አጥፊው» አለች ኡምሰልማ።

«አያቴ፣ ዋናው ቦታ ላይ ደርሰናል እኮ!»

«አጥፊው አልኩሽ። ይህ ሰውዬ ፈረንሳይኛ እንደማይችል አጥቼው ነው? አጎቴ ጅቡቲ አሥር ዓመት ኖሯል። ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ ‹ይህ የቲኬት ልጅ አንድም ቃል አልሰማም፣ ከሆዱ ነው የሚያወራው› ብሎ ቤት መጥቶ ስቋል። ያንን ቃል ማን እንዳለኝ አውቄ ነው ያገባሁት። ዝም ተባብለን አናድርም ያለኝ እሱ ነው።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «እንግዲህ አፍ ካለው ይናገር።»

ኢናስ ድምፁን አጠፋች። ከድሩ ተነሣ። በርሜል የለም፤ ቲቪው አጠገብ ሄዶ ቆመ። አክተሩ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ ያለ ድምፅ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ከድሩ ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ በድሮ ድምፁ፣ ለግቢ ሙሉ ሰው በሚበቃው ድምፅ ጀመረ። «እሜቴ! ያን ሌሊት መሬቱ ሲነሣ…» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «በረንዳ ላይ ያለሽ መስሎኝ ነው። ወላሂ በረንዳ ላይ ያለሽ መስሎኝ ነው። አርባ ስድስት ዓመት በረንዳ ላይ አድረሽ አንድ ቀን ብትገቢ ያቺ ቀን እንደምትሆን በምን ልወቅ? እጄ ያገኘውን ያዘ። ግን በእጄ አላሳብብም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ወደ ኋላ ያያል፤ አላየሁም።» አክተሩ ንግግሩን ጨርሶ ከንፈሩን ገጠመ፤ ከድሩ ግን አልጨረሰም። ኢናስ ቶሎ ብላ ፊልሙን አቆመችው፤ አክተሩ በአንድ እጁ እንደተንጠለጠለ ጠበቀው። «ቤቱ ውስጥ አራት ወር ሙሉ ድምፅ የለም። ራዲዮ እከፍታለሁ፤ ራዲዮ ያወራል እንጂ አይመልስልኝም። ሻይ ሁለት ብርጭቆ እቀዳና አንዱን እደፋለሁ። ምላሴ ብቻ ነው ያለኝ ብዬሽ ነበር፤ እሱንም ይዘሽብኝ ሄድሽ። ግድግዳውን አስጠግናለሁ። ፎቶውንም ይኸው አምጥቼዋለሁ፣ ከፈለግሽ ስበሪው።»

ፋሪሃ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ስዩም ጣሪያውን ያያል። ኢናስ ፊልሙን ለቀቀችው። አሁን ተራው የሴትየዋ ነው፤ ሻማውን ይዛ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድሮ ከድሩ እዚህ ቦታ ላይ ድምፁን አቅጥኖ ለእሷም ያስተረጉምላት ነበር፣ ሰዉም በዚያ ድምፅ ይስቅ ነበር። አሁን ዝም አለ። ሴትየዋ ለብቻዋ ታወራለች፤ የሚያስተረጉምላት ጠፋ።

«በሚቀጥለው ጊዜ» አለች ኡምሰልማ ከመጅሊሱ ላይ፣ ዓይኗን ከቲቪው ሳትነቅል፣ «መጀመሪያ እኔን። ከዚያ ጊዜ ከተረፈህ፣ አክተሩን።»

አክተሩ ገመዱን ይዞ ከሰገነቱ ተወረወረ። ስዩም አፏጨ፣ መሀመድአሚን አጨበጨበ፣ ከድሩ እዚያው ቲቪው አጠገብ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ አላፈረም። ፊልሙ አልቆ መጋረጃው ሲከፈት ኡምሰልማ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፤ ጋዜጣውን ከፈት አድርጋ አክተሩን አየችውና መልሳ ሸፈነችው። «ደህና ነው፣ አልተጫረም» አለች። ቀጥላም ወደ ፋሪሃ ዞራ «ያንን ያልተከፈተውን ባልዲ ነገ መኪናው ላይ አስጭኚልኝ። የአዋሹ ግድግዳ ከተጠገነ በኋላ ቀለም ይፈልጋል» አለቻት። ፋሪሃ አፏን ከፈተች፤ ሁለቱ ያልተቀባ ግድግዳ ትዝ ቢላትም «እሺ» አለች።

ማታ ላይ ሻይ ሲጠጡ ከድሩ ከአራት ወር በኋላ ሚስቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ምላሱ ተፈቶ፣ የመንገዱን ወሬ ሁሉ አወራላት፤ ወያኔውን፣ ከባድ መኪናውን፣ ባለብርቱካኑን። «ይገርምሻል» አለ፣ «ሰዉ እኮ ወሬ ይጨምራል። ፎቶውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወጣ ይላሉ! በመስከረም! ወላሂ ብርድ ልብስ አልነበረም። ሎጊያ ሠርግ ቤት ድረስ ማን ይዞት እንደሄደ ባውቅ…»

ኡምሰልማ ሻይዋን ፉት አለች።

«ሎጊያ ሠርግ ቤት ያወራሁት እኔ ነኝ» አለች። «በባዶው አላምር ብሎኝ ነው ብርድ ልብሷን የጨመርኳት።»